ጄምስ ዋትና ትንሿ ወርክሾፑ

ጊዜ ስታገኙ የምትተኩሱበትን ካውያ ገልብጣችሁ እዩት። 1000 ወይም 1200 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ደብልዩ የምትባለው ፊደል አለች። አምፖሉ ላይም አለች፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይም አለች። ያቺ ፊደል የአንድ ሰው ስም ናት። ሰውየው ጄምስ ዋት ይባላል። ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዕድሜው የኤሌክትሪክ ካውያም አምፖልም በቤቱ አልነበረም። ስሙ የኃይል መለኪያ እንዲሆን በእንግሊዝ አገር ሊቃውንት የተወሰነው በ1882 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ትምህርት ቤት ሳለን ስለ እርሱ የነገሩን ልጅ ሆኖ የማንቆርቆሪያ ክዳን በእንፋሎት ሲነሳ አይቶ የእንፋሎት ሞተር ፈለሰፈ የሚለውን ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በእንፋሎት የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ዋት ከመወለዱ ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1712፣ ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ሠርቶ ማዕድን ማውጫ ጉድጓድ ላይ ተክሎት ነበር። ዋት ፈልሳፊ ከመባሉ በፊት ጠጋኝ ነበር። የሰው ዕቃ የሚጠግን፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ በሞረድና በመዶሻ የሚኖር ሰው። ይህን ታሪክ የመረጥነው ለዚህ ነው።

በኅብረታችን ሳምንቱን ሙሉ በሰው ጋራዥና በሰው ወርክሾፕ ሲደክሙ ይከርሙና፣ በዕረፍት ቀናቸው ደግሞ ከስክራፕ ተራ በርካሽ የገዙትን የዛገ ሞርሳ፣ እጀታው የወለቀ መላጊያ፣ የተጣመመ ትራፓኖ ከአልጋቸው ሥር አውጥተው በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ሲያክሙ የሚውሉ ወንድሞች አሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት ስለ ሽታውና ስለ ኳኳታው ያጉረመርማሉ። እውነቱን ለመናገር ከሚያጉረመርሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። የዋትን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን ትንሽ አፍሬአለሁ።

ዋት በጥር ወር 1736 ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ የመርከብ አናጢና የመርከብ ዕቃ ነጋዴ ሲሆን የመርከበኞችን መሣሪያም ይጠግን ነበር። ልጁ በሽተኛ ነው። ከባድ ራስ ምታት እየያዘው ከትምህርት ቤት ይልቅ ቤት የሚውልበት ቀን ይበዛል። ንባብ እናቱ፣ ጽሕፈትና ቁጥር አባቱ አስተማሩት። አባቱ ደግሞ በራሱ ወርክሾፕ ውስጥ ለልጅ እጅ የሚመጥኑ መሣሪያዎችና የራሱ የሥራ ጠረጴዛ ሰጠው። ልጁ የተሰበረውን ሲጠግን፣ የመርከብ ዕቃዎችን በትንሹ አስመስሎ ሲሠራ ይውል ነበር።

በ1753 እናቱ ሞተች። የአባቱም ንግድ ተበላሸ። ያ በሽተኛ ልጅ እንግዲህ እንጀራውን ራሱ መፈለግ ነበረበት። ሂሳብና የእጅ ሥራ ስለሚወድ የመለኪያ መሣሪያ ሠሪ ልሁን አለ። ግላስጎው ሄዶ ሞከረ፣ በቂ አስተማሪ አላገኘም። በ1755 በ19 ዓመቱ በፈረስ ወደ ለንደን ተሰደደ። መንገዱ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀበት።

ለንደን በር ዘጋችበት። በዚያ ዘመን አንድ ሰው በከተማዪቱ ሙያ ለመሥራት በሕግ የታወቀ የሰባት ዓመት ተለማማጅነት መፈጸም አለበት። ዋት ደግሞ ዕድሜው ለተለማማጅነት አልፏል፣ ሙያውንም ገና አልተማረም፣ የከተማው ተወላጅም አይደለም። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ በመጨረሻ ጆን ሞርጋን የተባለ ናስ ሠሪ ደንቡን ወደ ጎን ትቶ ለአንድ ዓመት ሊያስተምረው ተስማማ። ደመወዝ የለም። እንዲያውም ዋት ነው 20 ጊኒ የሚከፍለው፤ ያኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ በዚያ ላይ ጉልበቱን በነጻ ይሰጣል። ከጧት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሠራል። አባቱን ላለማስቸገር ብሎ ለምግብ በሳምንት የሚያወጣው 8 ሽልንግ ብቻ ነበር፤ ያቺንም ለማግኘት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ለራሱ ትንንሽ ሥራ ይሠራ ነበር።

በ1756 ደግሞ ጦርነት መጣና የለንደን መንገዶች ላይ አፈሳ ተጀመረ። የባሕር ኃይሉ ሰዎች ወጣቱን በግድ እየያዙ መርከብ ላይ ይጭናሉ። በሕግ የተመዘገበ ተለማማጅ ወይም የከተማው ነዋሪ ከተያዘ ለከንቲባው አቤት ብሎ ሊለቀቅ ይችላል። ዋት ግን አቤት ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው በከተማው ውስጥ በምን ፈቃድ ትሠራለህ ተብሎ ነው። ስለዚህ በር ዘግቶ ተቀመጠ። ከሥራ ውጪ ወደ ደጅ መውጣት ተወ። ብርድ በሚገባበት የበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየሠራ ሳልና የወገብ ሕመም ያዘው። ይህች ኑሮ ምን እንደምትመስል ለአንዳንዶቻችን ማብራሪያ አያስፈልግም።

በዚያች አንድ ዓመት ግን ሌላው በአራትና በአምስት ዓመት የማይደርስበትን ሥራ ቻለ። በዓመቱ መጨረሻ ሁለት የናስ ክንፍ ያለው፣ መጋጠሚያው ሳይላላ ሳይጠብቅ የሚታጠፍ የሂሳብ መለኪያ ሠራ። በሙያው ከባድ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚያ መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ሸምቶ፣ ታሞና ከስቶ አገሩ ገባ።

ያገገመ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ዝገት ማጽዳት። ማክፋርሌን የሚባል በጃማይካ ይኖር የነበረ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ሲሞት የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያዎቹን ለግላስጎው ዩኒቨርሲቲ አውርሶ ነበር። ዕቃው በመርከብ ሲመጣ የባሕሩ አየር በላው። ይህንን የሚያድስ ሰው ሲፈለግ ዋት ተጠራና ጠርጎ፣ አስተካክሎ፣ አገጣጥሞ አስረከበ። 5 ፓውንድ ተከፈለው። ይህን ሥራ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፦ አካፋ እንደማጽዳት አይደለም። በመለኪያ ናስ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ዝገቱን ብሎ አጥብቆ ያሸ ሰው መስመሩንም አብሮ ያጠፋዋል። ዕቃው ያብረቀርቃል፣ ግን ከእንግዲህ ምንም አይለካም።

በግላስጎውም ሱቅ መክፈት ቀላል አልሆነለትም። የብረት ሠራተኞች ማኅበር በከተማው ያልተማረውን ሰው አይቀበልም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን በራሱ ግቢ ውስጥ የማኅበሩ ሥልጣን ስለማይደርስ በ1757 አንድ ክፍል ሰጠው። ያቺ ክፍል ቀስ በቀስ የመምህራንና የተማሪዎች መሰብሰቢያ ሆነች። የሙቀትን ጠባይ ያጠና የነበረው ፕሮፌሰር ጆሴፍ ብላክ ወዳጁ ሆነ። ዋት የመጣለትን ሥራ አይመልስም፤ ሚዛን፣ ኮምፓስ፣ መነጽር፣ ዋሽንት፣ ጊታር፣ ኦርጋን ሳይቀር ሠርቷል። የሚገርመው ለሙዚቃ ጆሮ አልነበረውም፤ ድምፁን የሚያስተካክለው በሂሳብ ነበር።

ከዚህ በፊት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የዘለሉት አንድ ነገር አለ፤ እኛም ብንዘለው ለራሳችን ደግ አይሆንም። የዋት አባት ከምዕራብ ኢንዲስ ጋር ይነግድ ነበር፣ ያ ንግድ ደግሞ የተመሠረተው በባሪያ ጉልበት ላይ ነው። ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት ያወጡት መረጃ እንደሚያሳየው ወጣቱ ጄምስ ራሱ በ1762 ፍሬድሪክ የተባለ አንድ ጥቁር ልጅ በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ለሚኖር ቤተሰብ እንዲተላለፍ እጁን አስገብቷል። አፈሳን ፈርቶ በር ዘግቶ የተቀመጠው ያ ሰው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የሌላ ሰው ልጅ እንደ ዕቃ ሲተላለፍ አላላኪ ሆነ። በስተርጅናው ባርነትን የሚያወግዝ ቃል ጽፏል፤ የድርጅቱ ሞተሮች ግን ወደ ስኳር እርሻዎቹ መላካቸው አልቀረም። በቤተሰብ መካከል ስንት ቀን ይህን ተነጋገርንበት። የልጁን ስም ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ታላቁ ጥገና እንምጣ። ዩኒቨርሲቲው ለማስተማሪያ የሚሆን የኒውኮመን ሞተር ትንሽ ሞዴል ነበረው። አይሠራም። ለንደን ላለ ስመ ጥር ሠሪ ተልኮ ሳይድን ተመልሷል። በ1763 ክረምት ለዋት ተሰጠው። የሲሊንደሩ ስፋት 2 ኢንች ብቻ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፣ የሻይ ብርጭቆ ያህል።

ሞተሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከቦይለሩ የመጣ እንፋሎት ፒስተኑ ሥር ያለውን ሲሊንደር ይሞላል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል። እንፋሎቱ ወዲያው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። እንፋሎት ሲሞላው የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ የውጪው አየር ፒስተኑን ተጭኖ ወደ ታች ይሰደዋል። በሌላው ጫፍ የተሰቀለው ፓምፕ ውሃ ይስባል። ከዚያ እንደገና እንፋሎት፣ እንደገና ቀዝቃዛ ውሃ።

ዋት የተበላሸውን አስተካከለ፣ የሚያፈሰውን ደፈነ፣ እሳት አነደደ። ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ወጣ ወረደና ቆመ። እንፋሎት አለቀበት። እንደገና ቢያነድም ያው ነው። እዚህ ላይ ነው ዋት ከሌላው ጠጋኝ የሚለየው። ሥራው እኮ አልቋል! የተሰበረ ነገር የለም፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ማስረከብ ይችል ነበር። እርሱ ግን ደህና ሆኖ ለምን አይሠራም የሚለው ጥያቄ ያዘው።

መለካት ጀመረ። በእያንዳንዱ ምት የሚያልቀው እንፋሎት ሲሊንደሩን ከሚሞላው ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘው። ትርፉ የት ይሄዳል? በቀዝቃዛው ውሃ የበረደውን ብረት መልሶ ለማሞቅ ነዋ። ከአራት እጅ ሦስቱ በከንቱ ይጠፋል። ትልቁ ሞተር ይህ ችግር እያለበትም የሚሠራው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ድስት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ትንሽ ጀበና ግን ቶሎ ይበርዳል። ሌላም ነገር አየ። አንድ እጅ እንፋሎት ስድስት እጅ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍላት ያደርሳል። ለምን እንደሆነ ብላክን ቢጠይቀው፣ ብላክ እንፋሎት በውስጡ የተደበቀ ሙቀት እንዳለው ለተማሪዎቹ ሲያስተምር የኖረውን አስረዳው። ከድስት ክዳን የሚወጣ እንፋሎት ከፈላ ውሃ ይበልጥ እጅ የሚልጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ ተለየ፣ መፍትሔው ግን ሁለት ነገር የሚጠይቅ ሆነ። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እንደ ጋለ መቆየት አለበት፤ እንፋሎቱ ደግሞ መቀዝቀዝ አለበት። እንዴት ተብሎ? በ1765 በጸደይ ወራት፣ በእሑድ ቀን፣ ዋት በግላስጎው ሜዳ ሲንሸራሸር ልብስ የሚታጠብበትን ቤት አልፎ ትንሽ እንደ ሄደ መልሱ መጣለት። እንፋሎቱ ወጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ! ከሲሊንደሩ ጋር በቧንቧ የተገናኘ፣ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የሆነ ሌላ ዕቃ። ባዶው ዕቃ እንፋሎቱን ራሱ ይስበዋል፤ ሲሊንደሩ እንደ ጋለ ይቀራል። ቀኑ ሰንበት ነበርና በዚያ ዘመን በስኮትላንድ መዶሻ አይነሣም፤ ነገሩን በልቡ ይዞ አደረ።

ሰኞ ሥራ ጀመረ። ሲሊንደር ማስቀረጽ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ሐኪሞች ለሬሳ ምርመራ የሚጠቀሙበት ትልቅ የናስ ስሪንጅ ነበረ፤ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ርዝመቱ 25። እርሱን ሲሊንደር አደረገው። ጫፎቹን በቆርቆሮ ዘጋ፣ ማቀዝቀዣውን ከቆርቆሮ ቧንቧ በየደ፣ ከሥሩ 8 ኪሎ ያህል ክብደት ሰቀለ። እንፋሎቱን ለቀቀ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ክብደቱ ብድግ አለ። ያ ዓለምን የለወጠ ሞተር የመጀመሪያ ገላው እንግዲህ ስሪንጅና ቆርቆሮ ነበር።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ አለቀ ይመስለዋል። የመከራው መጀመሪያ ነበር እንጂ። ከዚያች ሰኞ እስከ መጀመሪያው የገበያ ሞተር 11 ዓመት አለፈ። ለምን ቢባል፣ በስሪንጅ የሆነው በትልቁ አልሆን አለ። በዚያ ዘመን ትልቅ ሲሊንደር ክብ አድርጎ የሚቦረቡር ማሽን አልነበረም። አንጥረኛው ቆርቆሮውን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያጠፈዋል፤ በዚህ ሲጠብቅ በዚያ ይላላል። ዋት ክፍተቱን ለመድፈን ያልሞከረው የለም፦ በዘይት የተነከረ ጨርቅ፣ ቡሽ፣ ወረቀት፣ ያረጀ ባርኔጣ፣ የፈረስ ፋንድያ ሳይቀር። እንፋሎቱ ግን ያፈስሳል። ገንዘብ ያበደረው ጆን ሮባክ የተባለ ባለ ፋብሪካ በ1773 ከሰረ። ዋት በዚህ መካከል ሚስቱን ማርጋሬትንና ልጆቹን ለመመገብ መሬት እየለካ፣ የቦይ መስመር እየቀየሰ ዓመታት አሳለፈ። የፈጠራ መብቱን በ1769 አስመዝግቧል፤ ወረቀት ግን ዳቦ አይሆንም።

በ1773 መስከረም በስኮትላንድ ተራሮች ዝናብ እየመታው ቦይ ሲቀይስ ማርጋሬት በወሊድ ታማለች የሚል መልእክት ደረሰው። ሲገሰግስ ቢመጣም አልደረሰባትም። አምስተኛ ልጃቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ በርሚንግሃም ተጓዘ። ሮባክ ዕዳ የነበረበት ማቲው ቦልተን የ1,200 ፓውንድ ዕዳውን ትቶ በምትኩ የሞተሩን ድርሻ ወስዶ ነበር። ቦልተን ቁልፍና የጫማ ዘለበት የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ አለው፤ ደፋር፣ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ ነው። ዋት ደግሞ ፈሪ፣ ተጨናቂ፣ ሁልጊዜ ነገ እንከስራለን የሚል። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛም ሰው አለ፣ ስሙ ብዙ የማይነሣ፦ ጆን ዊልኪንሰን። መድፍ ይሠራ ነበር። በ1774 የመድፍ አፈሙዝ ቀጥ አድርጎ የሚቦረቡር ማሽን አወጣ። ከዚያ ለሲሊንደር የሚሆነውን አዘጋጀ። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ቢላው የተሰካበት ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፣ በሁለቱም ጫፍ ይደገፋል። በአንድ ጫፍ ብቻ የተያዘ ዘንግ ክብደቱ ይጎትተዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ የብረቱን ጉድለት እየተከተለ ይሄዳል። ከሁለት በኩል የተያዘ ግን የራሱን መስመር ይጠብቃል። በቶርኖ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ይህን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ዊልኪንሰን የቦረቦረው ሲሊንደር ስፋቱ 50 ኢንች፣ አንድ ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ነው። ቦልተን ስሕተቱ የአንዲት አሮጌ ሽልንግ ውፍረት እንደማያህል መስክሮለታል። ያ ሞተር በ1776 መጋቢት ቲፕተን አጠገብ ባለ የከሰል ጉድጓድ ላይ ተተክሎ ውሃ መሳብ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሀብትና የዝና ታሪክ ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። ለማዕድን ባለቤቶች ሞተሩን የሚሰጡት ከድሮው ሞተር ይልቅ ከሚያድነው የነዳጅ ዋጋ ሲሶውን እንዲከፍሉ ነበር። ፓምፕ ብቻ ይስብ የነበረው ሞተር ወፍጮና መዘውር እንዲያዞር ተደረገ። ገዢዎች ሞተሩን ከፈረስ ጋር እያነጻጸሩ ስለሚጠይቁ ዋት የፈረስ ጉልበትን በቁጥር ወሰነ፤ ዛሬ ስለ መኪና የምንናገረው የፈረስ ጉልበት ከዚያ የመጣ ነው፤ በራሱ ስም ሲለካ 746 ዋት ይሆናል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ራሱን የሚገታበትን የሚሽከረከር የኳስ መቆጣጠሪያ በ1788 ገጠመለት። በክፉውም በኩል፣ የፈጠራ መብቱን እስከ 1800 በፓርላማ አስረዝሞ ሌሎች የሞከሩትን ሁሉ በፍርድ ቤት ሲያሯሩጥ ኖረ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጥሩ ሥራ ዘግይቷል ባይ ነኝ።

አንድ ጨዋታ ግን ልጨምር። በ1777 ዊልያም መርዶክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ወጣት ሥራ ፍለጋ በርሚንግሃም መጣ። ቦልተን ሥራ የለም ብሎ ሊሸኘው ሲል በእጁ የያዘውን ባርኔጣ አየ። ከእንጨት የተሠራ ነው! ለዚያውም እንደ ራስ ቅርጽ ሞላላ። ወጣቱ በገዛ እጁ በሠራው ቶርኖ እንደቀረጸው ተናገረ። ሞላላ ነገር በቶርኖ ማውጣት ተራ ሥራ አይደለም፤ ቦልተን ወዲያው ቀጠረው ተብሎ ይተረካል። መርዶክ በኋላ የድርጅቱ ዋና ባለሙያ ሆነ።

ዋት በ1800 በ64 ዓመቱ ከሥራ ወጣ። ገንዘብ አለው፣ ሄዝፊልድ የሚባል ትልቅ ቤት ሠርቷል፣ አን የምትባል ሁለተኛ ሚስት አግብቷል። አን ንጽሕና ወዳድ ነበረች፤ ውሾቿ እንኳ ሲገቡ እግራቸውን ይጠርጋሉ ይባላል። የዘይትና የብረት ብናኝ የለበሰ ባል ሳሎኗ ውስጥ እንዲቀመጥ አትፈልግም። ዋት ከወጥ ቤቱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ወሰደ። በበጋ የምታቃጥል፣ በክረምት የምትበርድ ክፍል ናት። እዚያ በእግር የሚረገጥ ቶርኖውን፣ ሞርሳውን፣ ምድጃውን፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸውን ሞረዶችና መሮዎች አስገባ። መጥበሻም ሰቀለ። ለምግብ ልብስ ቀይሮ መውረድ ስለሚታክተው እዚያው አብስሎ ይበላ ነበር። ባለ ትልቅ ቤቱ ሰውዬ ተመልሶ ወደ ለንደኗ ኑሮው ገባ ማለት ነው፤ አሁን ግን ማንም አያባርረውም።

እዚያ የሚሠራው ለገበያ አልነበረም። ትልቁ የትርፍ ጊዜ ሥራው ሐውልት የሚገለብጥ ማሽን ነው። ቁልፍ ስታስቀርጹ ያያችሁት ማሽን አለ አይደል? አንዱ ወገን አሮጌውን ቁልፍ ይዳስሳል፣ ሌላው አዲሱን ይቆርጣል። የዋትም እንደዚያ ነው፤ ግን በሁሉ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ። አንደኛው ጫፍ የሰው ፊት ቅርጽ ላይ ይሄዳል፣ ሌላኛው ጫፍ በእግር ኃይል እየተሽከረከረ እብነ በረዱን ይጠርባል። አንዱ ማሽን በልኩ ይገለብጣል፣ ሌላው አሳንሶ። የወጡትን ትንንሽ ሐውልቶች ለወዳጆቹ ሲሰጥ በ83ኛ ዓመቱ የሚገኝ የአንድ ጀማሪ ወጣት ሥራ ናቸው እያለ ይቀልድ ነበር። ለእነዚህ ማሽኖች የፈጠራ መብት አላወጣም።

ቀልዱ እንዳያታልለን። ከአን የወለዳት ጄሲ በ1794 በ15 ዓመቷ ሞታለች። ልጁ ግሬጎሪ ከሁሉ ይልቅ ብሩህ የሚባለው ነበር፤ በ1804 በ27 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አባትየው የግሬጎሪን የትምህርት ቤት ደብተሮችና ሥዕሎች በአንድ የቆዳ ሣጥን አድርጎ ወደ ጣሪያው ክፍል አወጣና ሲሠራ ሊያየው በሚችልበት ቦታ አኖረው። የቅርጽ ማሽኑ ሥራ የተጀመረውም በእነዚያው ዓመታት ነው። ብላክ፣ ቦልተን፣ የቀድሞ ጓደኞቹ ሁሉ አንድ በአንድ አለፉ። እርሱ ቶርኖውን ይረግጣል።

በነሐሴ 1819 በ83 ዓመቱ በቤቱ ሞተ፤ በሃንድስዎርዝ ቤተ ክርስቲያን ከቦልተን አጠገብ ተቀበረ። የጣሪያው ክፍል ተቆለፈ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ገብቶ ሲያይ የመጨረሻው እሳት አመድ በምድጃው ውስጥ ነበር። መጥበሻው በምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ቶርኖው ላይ በመቀረጽ ላይ የነበረ ብረት አለ።

ቤቱ በ1927 ፈረሰ። ክፍሏ ግን ከዚያ በፊት በ1924 ከ8,000 የሚበልጡ ዕቃዎቿ፣ ከወለሏ ሳንቃ፣ ከበሯና ከመስኮቷ ጋር ተነቅላ ለንደን ወደሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ተወሰደች፤ ዛሬም እዚያ ናት። ጠረጴዛውን የሞሉት በአብዛኛው ጅምር ሥራዎች ናቸው።